ስለ ድድ ጥቁረት
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየካና በእንጦጦ ግርጌ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ጌጥ ነው። ያልተነቀስነውም ብንሆን የብዙዎቻችን ድድ ከተፈጥሮው ጠቆር ይላል፤ ይኼ በሽታ አይደለም። ዛሬ የምንናገረው በዚያ ጥቁረት ተሸሽጎ ስለሚያድገው፣ ሜላኖማ ስለሚባለው ነቀርሳ ነው። እርግጥ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ክፋቱ ግን መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ሰዉም «ንቅሳቴ ነው» ብሎ ይተወዋል።

ታዲያ በምን ይለያል? ንቅሳት ቢደበዝዝ እንጂ አይሰፋም። በተለይ በላይኛው ድድና በላንቃ ላይ አዲስ የወጣ፣ የሚሰፋ፣ የሚያብጥ ወይም የሚደማ ጥቁረት ካለ ሐኪም ይየው። አንዳንዱማ ጥቁር ሳይሆን ቀላ ብሎ ነው የሚወጣ። አጠገቡ ያለው ጥርስ ቢነቃነቅም ነቅሎ መገላገል የለም።

በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ ከሥጋው ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። «ቢላ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለውን እኛ አንቀበልም፤ የሚያሰራጨው መዘግየቱ ነው። ከተረጋገጠ የአንገት ንፍፊት ይታያል። ዋናው ሕክምና በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሥጋ፣ ሲያስፈልግም አጥንት ጨምሮ ቆርጦ ማውጣት ነው። ከዚያ ጨረር ሊከተል ይችላል፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ይሰጣል። ሰውነት ራሱ ነቀርሳውን እንዲዋጋ የሚያግዙ አዳዲስ መድኃኒቶችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

እንጦጦ ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ብቻ ናሙናውን ሰጥቶ ይሂድ።

ዕድራችን እስካሁን የሚያዋጣው ለቀብር ነው። ለምርመራ የቸገረው አባል ከሣጥኑ የሚበደርበትን መንገድ ኮሚቴው እንዲነጋገርበት ሐሳብ እናቀርባለን።