ጊቤ ከተመረቀ በኋላ



ተመራቂዎች፣ በምረቃችሁ ላይ ስለ ስኬት ተናገር ተብዬ ነበር። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከውኃና ከተራራ ጋር ስለሆነ ስለ ጊቤ ሁለት ባወራ ይቀለኛል።

ግልገል ጊቤ ሁለት የተባለው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ 420 ሜጋ ዋት ነው፤ ከሕዳሴው ግድብ ጋር ሲተያይ መካከለኛ ቢባል ነው። የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጊቤ አንድ ተርባይኖቹን አዙሮ የለቀቀውን ውኃ ይቀበልና 26 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ተራራውን አሻግሮ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይጥለዋል። የተማራችሁት ሒሳቡን ታውቁታላችሁ፤ ለወላጆች ልንገር፦ በየሰከንዱ 100 ቶን ያህል ውኃ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ የፔልተን ተርባይኑን ጽዋዎች ይመታል። አንዱን ውኃ ሁለቴ ማሠራት! ይህን ያሰበውን ሰው ባገኘው ቡና እጋብዘው ነበር።

ተራራው ግን በካርታው ላይ እንደተሣለው አልተገኘም። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ መቆፈሪያው ማሽን የተሰባበረ ዓለት ውስጥ ገባ፤ ከፊቱ ታምቆ የነበረው ጭቃ ገንፍሎ ያን የሚያህል ብረት ወደ ኋላ ገፋው። እሱን ለማስለቀቅ በጎን ሌላ መተላለፊያ መቆፈር ግድ ሆነ። በጥር 2002 ጣቢያው ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዋሻው ውስጥ ዓለት ተናደና ውኃው ቆመ። ጣቢያው እንደገና የተነሣው በታኅሣሥ 2003 ነው።

ያን ጊዜ ብዙ ተፎከረበት፣ ብዙም ተቀለደበት። ገብቶ ፍርስራሹን ያወጣውን ሠራተኛ ግን ማን ጠየቀው? እናንተን የምንፈልጋችሁ ለዚያ ሥራ ነው። ምረቃ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ጣቢያ ግን ከዚያ በኋላ አሥርት ዓመታት ይኖራል፣ ሌሊትም አይተኛም። ተርባይን አጠገብ የኖረ ቴክኒሻን የቤሪንጉ ሙቀት ስክሪን ላይ ቀይ ሳይሆን በፊት ከእግሩ ሥር ባለው ንዝረት ይነቃል። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ ተረኛ ሆናችሁ ስታድሩ ከእነዚህ ቴክኒሻኖች ትማሩታላችሁ። ዲግሪ አለኝ ብላችሁ አትኩሩባቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ጣቢያዎች የሚኖሩት በጊቤ አንድ ሐይቅ ነው። በጂማ ዙሪያ ካለው ተዳፋት በየክረምቱ የሚታጠበው አፈር ወርዶ እዚያ ይተኛል። ሐይቁ በደለል በጠበበ ቁጥር ለበጋ የሚቀመጠው ውኃ ያንሳል፤ የላይኛው ሲጎድልበት የታችኛውም ይጎድልበታል። ያን አፈር መሐንዲስ አያቆመውም፤ እርከን የሚሠራ ገበሬ ነው የሚያቆመው። ለግድቡ መሬቱን ለቆ የተነሣ ገበሬ አለ። ከፍተኛ መስመር በራሱ ላይ እያለፈ እሱ በኩራዝ የሚያመሽም በአገራችን ሞልቷል። «እርከኑንስ ልሥራ፣ መብራቴስ?» ቢላችሁ የምትመልሱትን አስባችሁ ሂዱ።

የተፈጥሮ ሀብት ተመራቂዎች የት ናችሁ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። የኤሌክትሪካልና የመካኒካል ልጆች፣ አያችኋቸው? ጋዋኑን ከማውለቃችሁ በፊት ስልክ ተለዋወጡ።