ለዛሬ ብቻ ትቅር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምንነግራችሁ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ስለ መሄዳቸው ነው። ስለ መመዝገብ ግን አይደለም። ልጅን በመስከረም ወር እጁን ይዞ ማስመዝገብን ዛሬ ብዙ ወላጅ ያውቀዋል፤ ደብተርም ይገዛል፤ ልብስም ያሰፋል። ነገራችን ከመስከረም በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፤ ይኸውም ስሙ በመዝገብ የተጻፈው ልጅ በየዕለቱ በመቀመጫው ላይ ይገኛልን? የሚለው ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ ማክሰኞ ጧት ጠበል ልንረጭ ወደ አንዲት የንስሐ ልጃችን ቤት ገባን። የ12 ዓመት ልጅዋ፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው፣ ታናሽ ወንድምዋን አዝላ በደጅ ቆማለች። እናትየዋ ጓዝዋን ታስራለች። «ልጅቱ ዛሬ ትምህርት የላትምን?» ብለን ብንጠይቅ፣ «ገበያ ነው አባታችን፤ ለዛሬ ብቻ ትቅር ብዬ ነው» አለችን። የዚያ ሰፈር ገበያ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞም በየሳምንቱ አለ።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስበው። የትምህርቱ ዘመን ከመስከረም እስከ ሰኔ 40 ሳምንት ያህል ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን የምትቀር ልጅ በዓመቱ 40 ቀን ትቀራለች። የሳምንቱ ትምህርት 5 ቀን ነውና ይህ የ8 ሳምንት ትምህርት፣ ማለት የሁለት ወር ትምህርት ነው። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንዲሁ ቢቀጥል 320 ቀን ይሆናል፤ ከአንድ ዓመት ተኩል የሚበልጥ ትምህርት በገበያ ቀን ብቻ ጠፋ ማለት ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ አጨዳ፣ ከወፍና ከዝንጀሮ የሚደረገው ጥበቃ፣ የጥር ሠርግ፣ የጎረቤት ለቅሶ ገና አልተቆጠረም።

የጠፋውም ቀን ብቻውን አይጠፋም። መምህሩ ሰኞ ማካፈልን ጀመረ፤ ማክሰኞ አካሄዱን በሰሌዳ ላይ አሳየ፤ ረቡዕ ልጆቹን እያስነሣ ጠየቀ። ማክሰኞ ያልነበረችው ልጅ ረቡዕ ብትነሣ ምን ትመልሳለች? ጓደኞችዋ ይስቃሉ። በሌላው ሳምንት ከኋላ መቀመጥ ትጀምራለች፤ ከዚያም ራሴን አመመኝ ትላለች፤ በመጨረሻም ትምህርት አልወድም ትላለች። ያን ጊዜ ወላጆችዋ፣ «እኛ መቼ ከለከልናት? ራስዋ ጠላችው እንጂ» ብለው ይመሰክሩባታል። የልጅቱ ጥላቻ ከየት እንደ መጣ ግን ማክሰኞን የሚያስታውስ የለም።

ምእመናን ሆይ፤ እኛ በልጅነታችን ደበሎ ለብሰን አኮፋዳ አንግተን ከቅኔ ቤት ወደ ቅኔ ቤት ስንዞር ያቆየን የእናቶች ቁራሽ ነው። በእንተ ስማ ለማርያም ብለን ከደጃቸው ስንቆም ውሻውን ከልክለው፣ ከሌማታቸው ቆርሰው ሰጡን። ስማችንን አያውቁም፤ ብዙዎቹም ፊደል አልቆጠሩም። ተማሪ እንዳይራብ ግን ያውቁ ነበር። የአባቶቻችን ትምህርት እስከ ዛሬ የደረሰው በመምህራኑ ብርታት ብቻ ሳይሆን በእነዚህ እናቶች እጅ ነው። እንግዲህ ለባዕድ ልጅ ትምህርት ቁራሽዋን ያልነፈገች እናት ለገዛ ልጅዋ አንዲት ማክሰኞ ስለ ምን ትነፍጋለች?

ጨክና አይደለም። እንደሚመስለን የቆሎ ተማሪው ትምህርት የእግዚአብሔር፣ የልጅዋ ትምህርት ግን የመንግሥት ስለሚመስላት ነው። ይህ አሳብ የቆየ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲከፈት ከካህናቱ ብዙዎቹ የውጭ አገር ትምህርት ሃይማኖትን ያጠፋል ብለው ሠግተው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም መምህራኑ በሃይማኖት ከምትመስለን ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች እንዲመጡ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ልጅቱ በአንደኛ ክፍል የቆጠረችው ፊደል እኛ በደብሩ ዛፍ ሥር የቆጠርነው ያው ፊደል ነው፤ መዝሙረ ዳዊትንም ብትገልጥ በእርሱ ታነበዋለች።

ስለ በዓልም አንድ ቃል እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ ተጠይቀንበታልና። በየወሩ በ12፣ በ21፣ በ23፣ በ29 ቀን «ዛሬ በዓል ነው» ብለው ልጆቻቸውን የሚያስቀሩ አሉ። ልጁ ማልዶ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ወደ ትምህርቱ ቢሄድ እኛ በዓሉን ሻረ አንለውም። ስለ ቅዱስ ሚካኤል ብሎ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ በዚያው ቀን ከብት የሚያስጠብቀው ሰው ግን በዓሉን ያከበረው በምኑ ነው? እኛ ካህናትም ከዚህ ወቀሳ ንጹሓን አይደለንም። በዘወትር ቀን ለቅዳሴ ዲያቆን ሲጎድልብን ከክፍሉ ያስጠራነው ልጅ አለ። መምህሩን ሳንጠይቅ፣ የፈተና ቀንም እንደ ሆነ ሳናውቅ አስቀርተነዋል። በደላችንን በዚሁ እንናዘዛለን።

አሁን ደግሞ፣ «እኔ ያልተማርሁ ነኝ፤ ልጄን በምን እረዳዋለሁ?» የሚለውን ወላጅ እናስብ። ሐና ልጅዋን ሳሙኤልን በሴሎ በካህኑ በዔሊ ዘንድ እንዲያገለግል ከሰጠች በኋላ አልረሳችውም። በየዓመቱ ለመሥዋዕት ስትወጣ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር መጽሐፍ ይነግረናል። ልጅ ያድጋልና የአምናው መደረቢያ ዘንድሮ አይበቃውም። እንግዲህ ሐና ልጅዋ በሩቅ ሳለ ቁመቱ ስንት እንደ ደረሰ በልብዋ ትለካ ነበር ማለት ነው። ከእኛ መካከል ላሙ በየትኛው ወር እንደ ወለደች አጥርቶ የሚያውቅ፣ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ ሲጠየቅ ግን ወደ ሚስቱ ዞሮ የሚመለከት አባት ስንት አለ!

ያልተማረ ወላጅ የልጁን ደብተር ከፍቶ ዛሬ የተጻፈ መኖሩን ማየት ይችላል፤ ነጭ ወረቀት ለማየት ፊደል አያሻም። ማታ ልጁን፣ «የተማርኸውን አንብብልኝ» ብሎ መስማት ይችላል። ውኃ መቅዳትንና እንጨት መልቀምን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማድረግ፣ ሥራውንም ለወንዱና ለሴቲቱ እኩል ማካፈል ይቻላል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ መምህሩ ሄዶ፣ «ልጄ ስንት ቀን ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የማንም መብት ነው። ቀድሞ ልጅ ዳዊት ሲደግም ወላጆቹ ደግሰው መምህሩን ያከብሩ ነበር፤ የዛሬውስ መምህር በልጆቻችን ፊት ክፉ ስሙ ብቻ ለምን ይነሣል?

እናቶች ደግሞ ይህን ስሙን። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ በየወሩ ጥቂት ቀን ከትምህርት የምትቀረው ብዙ ጊዜ በእፍረትና ንጹሕ ጨርቅ በማጣት ነው። ይህ ሕመምም ኃጢአትም አይደለም። አስቀድማችሁ ንገሩአት፤ የሚያስፈልጋትንም አዘጋጁላት። ቀርታ ቀርታ ትምህርትዋን የተወች ልጅ ደግሞ ወዲያው ለባል ትታሰባለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ ካህን ሆኖ ከዚህ በታች ያለችውን ሕፃን የሚያጋባ ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አንድ አይደለንም።

በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤት የፈረሰባቸውን፣ መንገዱም የሚያስፈራቸውን ወላጆች ግን አንወቅስም። የተራበውንም አንወቅስም፤ ይልቁንም ከአጠገቡ ያለን ሰዎች የድሮውን ቁራሽ እናስታውስ።

ለልጅ መቅረት መድኃኒቱ በትር የሚመስለው አባትም አለ። ቅዱስ ያሬድ በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ ቅጣቱም በዝቶበት እንደ ሸሸ ታውቃላችሁ። ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስለ ወጣችው ትል ብዙ ተሰብኳል። ስለ አጎቱ ግን ጥቂት ነው የሚነገረው። የሸሸው ልጅ ተመልሶ ይቅርታ ሲለምን መምህሩ ተቀበለው፤ ስለ እርሱም ጸለየ፤ እንደ ገናም አስተማረው። ያን ቀን በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ዜማችንን ከማን እንሰማው ነበር?

ወደዚያች ማክሰኞ እንመለስ። እናትየዋን በገሠጽናት ጊዜ፣ «ታዲያ አባታችን፤ ሕፃኑን ማን ይያዝልኝ?» አለችን። ጥያቄዋ እውነት ነበርና መልስ አጣን። አባትየው በዚያው ግቢ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ነበር፤ እርሱ ይያዘው ለማለት ግን እርሱም፣ እርስዋም፣ እኛም አላሰብንም። በኋላ በማርያም ማኅበራቸው ነገሩ ተነሥቶ፣ እርስዋና ጎረቤትዋ በየተራ ገበያ ሊወጡ፣ የቀረችውም የሁለቱንም ሕፃናት ልትጠብቅ ተስማሙ። አባትየውም አፍሮ የከብቱን ውኃ ራሱ ይቀዳ ጀመር።

ባለፈው ማክሰኞ በዚያ ደጅ አለፍን። ጎረቤትየዋ አንዱን ሕፃን አዝላ፣ ሌላውን በጉልበትዋ ላይ አስቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ልጅቱን በዓይናችን ብንፈልግ አላገኘናትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።