የቆየ የእጅ ሰዓት ከመግዛት በፊት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ፊሊፕስ የተባለው የጨረታ ድርጅት በጄኔቭ ከተማ አንድ የቆየ የእጅ ሰዓት ለሽያጭ አቀረበ። ሰዓቱ የ1957 ሥራ ነው የተባለለት፣ የሞዴል ቁጥሩ 2915-1 የሆነ ኦሜጋ ስፒድማስተር ነበር። አስቀድሞ የተሰጠው ግምት ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ የስዊስ ፍራንክ ሲሆን፣ የተሸጠው ግን ከ3 ሚሊዮን 100 ሺህ ፍራንክ በላይ ነው። ሰብሳቢዎችን እንዲህ ያጓጓቸው ጥቁር የነበረው ገጹ ከዘመን ብዛት ወደ ቡናማ ተለውጦ መታየቱ ነበር። ገዢው ራሱ የኦሜጋ ኩባንያ ሲሆን፣ ሰዓቱን የፈለገው በቤተ መዘክሩ ሊያኖረው ነበር።

በ2023 ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያ ሰዓት ከልዩ ልዩ ሰዓቶች በተለቃቀሙ ክፍሎች ተገጣጥሞ አንድ ወጥ መስሎ የቀረበ መሆኑን፣ በድርጊቱም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። መዝገቡ፣ ሥዕሉና ባለሙያው ሁሉ በእጁ ያለ ሠሪ በገዛ ምርቱ ከተታለለ፣ ከደመወዙ ቆጥቦ በፒያሳ ከአንድ ሱቅ መስኮት ያየውን የቆየ ሰዓት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምን መተማመኛ ይኖረዋል? የዚህ ንግግር ዓላማ ለዚሁ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። መልሱም ከምሕንድስና ሙያ የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያ «እውነተኛ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ከሚገኙት አጠራጣሪ ሰዓቶች መካከል ከሥር ከመሠረታቸው ሐሰተኛ የሆኑት በአንጻሩ በቀላሉ የሚለዩ ናቸው። አስቸጋሪዎቹ እያንዳንዱ ክፍላቸው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሐሰት የሆኑት ናቸው። የአንዱ ቀፎ፣ የሌላው ማሽን፣ የሦስተኛው ገጽ በአንድነት ሲገጠሙ፣ ክፍሎቹ ለየብቻ ቢጠየቁ ሁሉም እውነት ይናገራሉ፤ በአንድነት ሲቆሙ ግን ምስክርነታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል። ስለዚህ መርማሪው የሚፈልገው ነገር ውበት ሳይሆን ስምምነት ነው። ቀፎው፣ ማሽኑ፣ ገጹ፣ ቆጣሪዎቹና ያሳለፉት ዕድሜ ሁሉ አንድ ታሪክ ሊናገሩ ይገባል።

ከዚህ ላይ ሰነድ ያለው ቦታ በሚገባ ሊጤን ይገባዋል። አንድ መሐንዲስ በድልድይ ንድፍ ላይ የተጻፈው የብረት ውፍረት በኮንክሪቱ ውስጥ በእርግጥ መኖሩን ንድፉን አይቶ ብቻ አይፈርምም። የፋብሪካ መዝገብም እንዲሁ ነው። መዝገቡ የሚመሰክረው በዚህ ቁጥር የታወቀ ማሽን በዚህ ቀን ከፋብሪካ ወጣ ብሎ ነው። በኦሜጋ ሰዓቶች ተከታታይ ቁጥሩ የሚገኘው በማሽኑ ላይ ስለሆነ፣ ማሽኑ ወደ ሌላ ቀፎ ቢዛወር ወረቀቱ እውነት እንደ ሆነ ይቀራል፤ ሰዓቱ ግን ያ በወረቀቱ የተገለጸው ሰዓት አይሆንም። ወረቀት ምርመራን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ እንደ 2915-1 ያለውን ብርቅ ሰዓት ትቶ ብዙ ሰው የሚያውቀውን አንድ ዓይነት መውሰድ ይበጃል። ይህም በ1960ዎቹ የተሠራው፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው ኦሜጋ ሲማስተር ነው። ሲማስተር በ1948 ኩባንያው 100ኛ ዓመቱን ባከበረበት ወቅት የወጣ ስም ሲሆን፣ በብዛት ስለ ተሠራ ዛሬም በየአገሩ ይገኛል። በብዛት መገኘቱ ለተመራማሪ የሚመች የመሆኑን ያህል ለሚገጣጥም አታላይም የተመቸ ነው።

ምርመራው ከውጭ ወደ ውስጥ ቢሄድ መልካም ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቀፎው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ማሰሪያው የሚያያዝባቸው አራቱ ክንዶች ጠርዛቸው ስል፣ ውፍረታቸውም ግራና ቀኝ እኩል ነበር። በየጊዜው የተወለወለ ቀፎ ግን ጠርዙ ይደነብዛል፤ ክንዶቹ ይሳሳሉ፤ በክዳኑ ላይ የተቀረጸውም ምልክት ይደበዝዛል። ካሊፐር የያዘ ሰው ልዩነቱን በሚሊሜትር ክፍልፋይ ሊለካው ይችላል። በክንዶቹ ጠርዝ ላይ ከቢጫው ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለ፣ ሰዓቱ ወርቅ ለበስ እንጂ ሙሉ ወርቅ አይደለም። በስዊዘርላንድ የተሠራ ባለ 18 ካራት ቀፎ 0.750 የሚል ቁጥርና፣ እስከ 1995 ድረስ በሥራ ላይ በነበረው ሥርዐት መሠረት፣ ሄልቬሽያ የተባለችውን የሴት ራስ ምስል ይዞ ይገኛል። ጭረት ያለበት ነገር ግን መልኩን ያልለቀቀ ቀፎ እንደ አዲስ ከሚያብለጨልጨው የበለጠ ዋጋ አለው፤ ጭረት ሊወገድ ሲችል ተሞርዶ የሄደ ብረት ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ገጹ ነው። ከሰዓቱ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ገጹ ሲሆን፣ አብዛኛው ማታለልም የሚፈጸመው በእሱ ላይ ነው። እንደገና የተቀባን ገጽ አሥር ጊዜ በሚያጎላ መነጽር መለየት ይቻላል። የፋብሪካ ኅትመት የፊደላቱ ጠርዝ ጥርት ያለ፣ ውፍረታቸው የተካከለ፣ የደቂቃ መስመሮቹም ከተለጠፉት የሰዓት ምልክቶች ጋር ልክ ለልክ የሚገጥሙ ናቸው። በእጅ የተደገመው ግን ፊደሉ ያብጣል፤ መስመሩ ይዛነፋል፤ ቀለሙም በተለጠፉት ምልክቶች እግር ሥር ይጠራቀማል።

የሚያበራው ቀለም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሰፊው ያገለገለው ራዲየም ነበር፤ ቀጥሎ ትሪቲየም ተተካ፤ በብዙ ገጾችም ላይ ይህን ለማመልከት «ስዊስ ሜድ» ከሚለው ጽሑፍ ግራና ቀኝ «ቲ» የተባለችው የላቲን ፊደል ታተመች። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ1965 የተሠራ ሰዓት ዛሬ 60 ዓመት ገደማ ስለሆነው፣ ኃይሉ አምስት ጊዜ ያህል በግማሽ ተቀንሶ ከ30 አንድ እጅ ገደማ ብቻ ቀርቷል። እንዲህ ያለው ገጽ በጨለማ ሌሊቱን ሙሉ ደምቆ ቢያበራ፣ ቀለሙ በቅርብ ጊዜ የተቀባ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ራዲየም ያለበት ሰዓት ደግሞ ማብራቱን ቢተውም ጨረሩ አልተወውም፤ ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነውና። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ገጽ መፋቅ ወይም ያለ ጥንቃቄ መክፈት ለጤና አደገኛ ነው።

ሦስተኛው የቁጥሮች ስምምነት ነው። ይህም ክዳኑ ሳይከፈት አይታወቅም። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በክዳኑ ውስጥ የሚገኘው የኦሜጋ የሞዴል ቁጥር የሰዓቱን ዓይነት ይናገራል። በ165 የሚጀምር ከሆነ ራሱን የሚሞላና ቀን የማያሳይ፣ በ166 የሚጀምር ከሆነ ራሱን የሚሞላና ቀን የሚያሳይ ነው። ማሽኑም እንዲሁ ነው፤ 552 የተባለው ቀን የለውም፤ 562 እና 565 ግን አላቸው። ክዳኑ 165 እያለ ገጹ የቀን መስኮት ካለው፣ ከሁለቱ አንዱ እንግዳ ነው። የማሽኑ ተከታታይ ቁጥር 15 ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ የ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ ነው፤ 20 ሚሊዮን አካባቢ ከሆነ ደግሞ ወደ 1963 ይጠጋል። ስለዚህ 15 ሚሊዮን ቁጥር ያለው ማሽን በ166 በሚጀምር ቀፎ ውስጥ ቢገኝ፣ ልጁ ከአባቱ ቀድሞ ተወለደ እንደ ማለት ይሆናል። ሻጩ ክዳኑ እንዳይከፈት ከከለከለ፣ ገዢውም ቦርሳውን መክፈት የለበትም።

አራተኛው የማሽኑ ጤና ነው። ዝገት፣ የውኃ ምልክት፣ በካቻቢቴ የተቧጨሩ የብሎን ራሶች የቀድሞውን ጠጋኝ እጅ ይናገራሉ። የሰዓት መመርመሪያ መሣሪያ የሚሰጠው መልስም በቁጥር ነው። 552 በሰዓት 19,800 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5.5 ጊዜ ይመታል። መሣሪያው 28,800 ቢያነብ በውስጡ ያለው ሌላ ማሽን ነው። በደንብ የተሞላና ጤናማ የሆነ ሰዓት ሚዛን ጎማው ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ገደማ ይወዛወዛል፤ ከ200 በታች ከወረደ ጥገና ይጠብቀዋል። ቀን በሚያሳይ ሰዓት ላይ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓትን አሳልፎ የቀኑን መዞር መፈተን ይገባል። ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር ተሞልቶ ከሆነ ቀኑ የሚለወጠው ንጋት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ይህ እንደ ብልሽት ሊቆጠር አይገባም።

አምስተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። ሰዓቱ እውነተኛ መሆኑና ሻጩ ሊሸጠው መብት ያለው መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሪስቲስ በ2017 በጄኔቭ ለጨረታ አዘጋጅቶት የነበረው፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ነው የተባለው ፓቴክ ፊሊፕ 2497 የወርቅ ሰዓት፣ የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሣበት ከዚያ ጨረታ እንዲወጣ ተደርጓል። ታላቅ ስም የሰዓቱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ያንኑ ያህልም «በማን በኩል አልፎ እዚህ ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ያከብደዋል።

እነዚህ አምስቱ ከተመረመሩ በኋላ ዋጋን መተመን የሒሳብ ሥራ ይሆናል። መነሻው ሻጮች የሚጠሩት ዋጋ ሳይሆን ገዢዎች በእርግጥ የከፈሉት ነው። ላልተነካ ተመሳሳይ ሰዓት ከተከፈለው ላይ የጥገናው ወጪ ይቀነሳል፤ ቀጥሎ የተለወጡት ክፍሎች ዋጋ ይቀነሳል። የተለወጠ መሙያ ወይም መስተዋት ጥቂት ይቀንሳል፤ እንደገና የተቀባ ገጽ ግን ብዙ ይቀንሳል። በመጨረሻም ሊረጋገጥ ላልቻለው ነገር ሁሉ ቅናሽ ይደረጋል። መሐንዲስ ስለማያውቀው የአፈር ጠባይ የደኅንነት መጠን እንደሚጨምር ሁሉ፣ ገዢም ላላየው ነገር ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። የጄኔቩ ጨረታ የተሳሳተው ከዚህ ላይ ነው፤ መልኩ እጅግ ከማማሩ የተነሣ ያልታየው ሁሉ እንደ ታየ ተቆጥሮ ተከፈለበት።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

ይህ ሁሉ ስለ ገበያ የተነገረ ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ለሽያጭ ያልቀረበ፣ ከአባት ወይም ከአያት የቀረ ሰዓት ይገኛል። ወራሹ ሟቹን የሚያከብር መስሎት ወደ ሰዓት ሠሪ ወስዶ ገጹን ያስቀባል፤ ቀፎውን ያስወለውላል። ሰዓቱም እንደ አዲስ አምሮ ይመለሳል፤ ሆኖም አባቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲመለከተው የኖረው ገጽ ከዚያ ወዲያ የለም። ማሽኑ ይጠረግ፣ ዘይት ይደረግለት፣ የላላው ሞላ ይለወጥ፤ ይህ ሰዓቱን ማኖር ነው። የደበዘዘው ገጽና የተጫረው ቀፎ ግን ባሉበት ይቆዩ። ገበያ ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ስላልተነካ ነው፤ ቤተ ሰብ ደግሞ የሚወደው በዚያው ምክንያት ነው። በዚህ ነገር ሁለቱ መስማማታቸው እንዲያው የአጋጣሚ አይደለም።

አንድ መሣሪያ እውነተኛ ነው የሚባለው ያሳለፈውን ዘመን ሳይሸሽግ ሲናገር ነው። የገዢው ድርሻ ጠያቂ መሆን፣ የወራሹ ድርሻ ምስክሩን አለማጥፋት ነው። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ አንድ ማጉያ መነጽርና ክዳኑ እንዲከፈት ያለ ሐፍረት መጠየቅ ነው።