ኦክሲጅን ሲከብድ ምን ይለወጣል?
(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በጉባ ከዓባይ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲጓዝ ከፊሉ በመንገድ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን ግብር የማያስከፍሉ ቁሶች አሉ፤ ልዕለ አስተላላፊ ይባላሉ። ችግራቸው ብርድ መሻታቸው ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሆኖ የታወቀው ሜርኩሪ እስከ 4.2 ኬልቪን ድረስ መቀዝቀዝ አለበት።

ምክንያቱን ለማወቅ አይሶቶፕ ረዳ፤ ይኸውም በኬሚስትሪ ጠባዩ አንድ ሆኖ በክብደቱ የሚለይ አቶም ነው። በ1950 በአሜሪካ ሁለት ቡድኖች የሜርኩሪን አይሶቶፖች ሲመረምሩ፣ አቶሙ በከበደ መጠን መሸጋገሪያው ሙቀት ዝቅ አለ። እንግዲህ የአቶሞቹ ንዝረት በነገሩ ውስጥ እጅ አለበት። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 እንዳስረዱት ኤሌክትሮኖች እንደ ጥማድ በሬ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ቀንበራቸው ንዝረቱ ነው።

በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በመዳብና በኦክሲጅን ውሁድ ውስጥ አዲስ ዓይነት ልዕለ አስተላላፊ አገኙ። በማግሥቱ ዓመት ኢትሪየምና ባሪየም የተጨመሩበት የመዳብ ውሁድ ከ90 ኬልቪን አለፈ፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይበቃዋል። ናይትሮጅን በባሕር ወለል ላይ በ77 ኬልቪን ይፈላል። በቦረና ደጋ ግን ባቄላችንን በሚያዘገየው በዚያው የአየር መሳሳት ምክንያት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይፈላልና፣ ለዚህ ሥራ ከፍታችን ይጠቅመናል።

በዚያው በ1987 የውሁዱ ኦክሲጅን 16 በኦክሲጅን 18 ተተካ። የድሮው ሕግ በኦክሲጅኑ ላይ በሙሉ ቢሠራ መሸጋገሪያው 5 ኬልቪን ያህል መውረድ ነበረበት፤ የወረደው ግን 1 ኬልቪን እንኳ አልሞላም። ንዝረት ከነገሩ የለበትም ያሉ ነበሩ።

ፍርዱ ግን ቸኩሏል። በውሁዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ ቁጥር ሲቀነስ መሸጋገሪያው ሙቀት ይወርዳል፤ የክብደቱ ተጽዕኖ ግን ይጎላል። ላንታነም ባለባቸው ውሁዶች በአንዳንድ መጠን ከድሮው ሕግም በልጦ ተገኝቷል። ስለዚህ ትንሹ ቁጥር ንዝረቱን ነጻ አያወጣውም፤ ትልቁም ቀንበሩ እርሱ ብቻ ነው አያሰኝም። ብዙ ተመራማሪዎች የመዳቡን ማግኔታዊ ጠባይ ያመለክታሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ጓደኞቼ፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ አንድ ልኬት ሲነገራችሁ ቁጥሩን ብቻ አትቀበሉ፤ በየትኛው ናሙና፣ በምን ያህል ተሸካሚ እንደተለካ ጠይቁ። ብርድ የማይሻ ሽቦ የሚገኘው ቀንበሩ በውል ሲታወቅ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ ገና አልሞላም።