የእናታችንን ቤት ልናድስ ሄደን ስላተረፍነው ብድር

(በሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከአባል ቤተሰቦች አንዱ ያሰማው ንግግር ነው። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



አገር ቤት ያለውን የወላጆቻችንን ቤት ስለ ማደስ እንድንናገር ስንጠየቅ በመጀመሪያ አፍረን ነበር። እኛ አራት የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ከመካከላችን አንድም አናጢ፣ አንድም ግንበኛ የለም። ቢሆንም እዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ ብዙዎቻችን አገር ቤት አንድ የጭቃ ቤት፣ በቤቱም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ስላለን፣ የእኛ ስሕተት ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብለን ከጥር 17 እስከ ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. የሆነውን እንዳለ እንነግራችኋለን።

እንደምታውቁት የትውልድ ቦታችን ምሥራቅ ጎጃም፣ እናርጅ እናውጋ ወረዳ፣ ደብረ ወርቅ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይ በረሃን የተሻገረ ሰው ደጀን ላይ የደብረ ማርቆሱን መንገድ ትቶ ወደ ሞጣ የሚወስደውን ቢይዝ፣ ቢቸናን ካለፈ በኋላ ያገኛታል። ጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም ያለችበት ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ደብረ ወርቅ ነበር።

ቤታችንን አባታችን የሠሩት በ1956 ዓ.ም. ነው። ሣር ክዳኑን ጎጆ አፍርሰው ባለ ቆርቆሮ ሰቀላ አቆሙ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ያን ያህል የነካን ነገር አልነበረም፤ ያለን ያው አንዱ ቤት ነበርና። አባታችን ካረፉ በኋላ እናታችን ብቻቸውን ኖሩበት። እኛ በየጊዜው ለእድሳት ብለን ገንዘብ እንልካለን፤ እሳቸውም በስልክ «ደኅና ነው፣ ቤቱም ደኅና ነው» ይሉናል። ገንዘቡ ለእድርና ለዝክር፣ ለጎረቤት ልጅ ደብተር ይውላል። እኛ ልከናል ብለን ተኝተናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመካከላችን ግድግዳውን በእጁ የዳሰሰ የለም።

አሁን የሚያሳፍረውን እንናገር። ወደ ደብረ ወርቅ ስንነሣ ከአራታችን ሁለታችን ቤቱ ይሸጥ የሚል ሐሳብ ይዘን ነበር። እናታችን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ አዲስ አበባ ይምጡና እኛው ዘንድ ይጡሩ፤ ለዚህም ቤቱን በቅዳሜና እሑድ ጠጋግነንና ቀባብተን ዋጋ እንዲያወጣ እናድርገው ነበር ያልነው። ይህን ለእናታችን አልነገርናቸውም። ለቀሩት ለሁለቱም የተነገራቸው መኪና ውስጥ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን በዓባይ ቁልቁለትና ዳገት ስንጨቃጨቅ ወጣን። የጫንነው ስድስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ባለ ቆብ ምስማርና ሁለት ጣሳ ቀለም ነው።

ዓርብ ማታ ደረስን። ቤቱ ከፊት ሲያዩት ቆሟል። ከኋላ ግን ወደ ጓሮ የሚያየው ግድግዳ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ አዘንብሏል። በባትሪ አብርተን ብናይ ከሰባቱ ቋሚዎች አምስቱ ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በስብሰውና ምስጥ በልቷቸው በእጅ የሚፈረፈሩ ሆነዋል። እናታችን ያንን ክፍል ዘግተው መኝታቸውን ወደ ፊተኛው አምጥተው ኖሯል። «ምነው እማዬ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ብንላቸው «መጥታችሁ ብታዩት አይሻልም?» አሉን።

ቅዳሜ በማለዳ ዶማና አካፋ ይዘን ወጣን። ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳንቆፍር የአባታችን ባልንጀራ የነበሩት ጎረቤታችን፣ አናጢው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን ደርበው መጡ።

«ልጆቼ፣ ዶማውን አስቀምጡት። ዛሬ ቀዳሚት ሰንበት ነው፣ ነገ እሑድ ነው፣ ማክሰኞ አስተርእዮ ማርያም ነች። ያላችሁ ሰኞ ብቻ ነው» አሉን።

የሁለቱ ሰንበታት መከበር በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ መጽናቱን በትምህርት ቤት ተምረናል እንጂ፣ የእኛን አካፋ ይይዛል ብለን አላሰብንም ነበር። እኛ ሥራ ያቀድንባቸው ሁለት ቀናት በአገሩ ሥራ የማይሠራባቸው ሁለት ቀናት ናቸው። ለሰኞና ለማክሰኞ ፈቃድ ለመለመን በየመሥሪያ ቤታችን ስልክ ደወልን። ይህን ያህል ዓመት ከተማ ስንኖር የገዛ አገራችንን የቀን አቆጣጠር ረስተናል ማለት ነው።

ሽማግሌው ግን ቤቱን ዞረው አዩልን። የነገሩንን ለእናንተም ይጠቅማልና ልብ በሉልን።

አንደኛ፣ ቤቱን የጎዳው ዝናቡ ሳይሆን የዝናቡ መውረጃ ነው። ከጣራው የሚወርደው ውኃ አሸንዳ ስለሌለው ከግድግዳው ሥር ይወርዳል፤ ቦዩም በአፈር ስለ ተደፈነ ውኃው እዚያው ይተኛል። የእንጨቱ እግር ክረምት ከክረምት እንደ ራሰ ይኖራል። ሁለተኛ፣ የኋላው ክፍል ከተዘጋ ጀምሮ እሳት አልነደደበትም። ጭስ እንጨቱን ያደርቃል፣ ተባይ ያባርራል፤ ሰው የሌለበት ቤት ቶሎ የሚወድቀው አንድም በዚህ ነው። ሦስተኛ፣ ያመጣነው ሲሚንቶ ለጭቃ ግድግዳ አይሆንም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይሄድም። ይሰነጠቃል፣ ከዚያም ውኃውን ከውስጥ አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ በመጨረሻም እንደ ቅርፊት ይላጣል። «ሲሚንቶውን ከድንጋዩ ጋር ከታች አድርጉት። ጭቃውን ለጭቃ ተዉለት» አሉን።

«ታዲያ ጭቃው መቼ ይደርሳል?» ብለን ጠየቅን። ጭድ የገባበት ጭቃ ቀናት ሳይቦካ እንደማይያዝ ይህን ያህል እናውቃለንና። ሽማግሌው ሳቁ። ዓርብ ማታ መኪናችንን ያስጠጋነው፣ በጭድ የተሸፈነና የቆሻሻ ጉድጓድ የመሰለን ነገር ለካ የተቦካ ጭቃ ነው! እናታችን ጥምቀት እንዳለፈ የሰፈሩን ወጣቶች ለምነው አፈሩን አስቆፍረው፣ የጤፍ ጭድ አስጨምረው፣ አስረግጠው አስቀምጠውልናል። ለቋሚ የሚሆነው ባሕር ዛፍም ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ ከአጥሩ ጥግ ተደግፏል። እኛ አዳሾች መስለን መጣን እንጂ እድሳቱን የጀመሩት እሳቸው ናቸው። «የማርያም እንግዳ የሚያርፍበት የለኝም» ብለው ነው የተነሡት።

ሰኞ ጥር 20 ቀን ገና ሳይነጋ ሰው መጣ። ሃያ ሦስት ሰው ቆጠርን። ወንዶቹ ጣራውን በባላ ደግፈው ያዙ። የበሰበሱት አምስት ቋሚዎች ወጡ፤ የአዲሶቹ እግር በእሳት ተለብልቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀባ። ጉድጓዱ ውስጥ ጠጠር ተጨመረ። ማገሩ በልጥ ታሰረ፤ ምስማራችን ለጣራው ብቻ ዋለ። ሴቶቹ ውኃ በጀሪካን ያመላልሳሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ጠላ ያቀርባሉ። ልጆቹ ጭቃውን እየረገጡ ይስቃሉ። እኛ አራታችንም ሱሪያችንን ሰብስበን ገባን። በሁለት ሰዓት ውስጥ እጃችን ተላጠ።

እኩለ ቀን ላይ፣ ምርጊቱ ወገብ ላይ ሲደርስ፣ ሽማግሌው ጭቃውን በእጃቸው እንደያዙ ወደ እኛ ዞሩ።

«እናንተ ልጆች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ጭቃ የምንመርገው ለእናታችሁ ነው ወይስ ለገዥ?»

ማን እንደ ነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅንም። ትንሽ ከተማ ናትና በስልክ ዋጋ ያጠያየቅነው ወሬ ቀድሞን ገብቶ ይሆናል። ሁሉም ሥራውን አቆመ። እናታችን ጀበናውን እንደያዙ በር ላይ ቆመዋል። ከመካከላችን ታላቃችን «ለመሸጥ አስበን ነበር፤ አልዋሽም» አለ። ከዚያ በኋላ የሚናገር ጠፋ።

ዝምታውን የሰበሩት እናታችን ናቸው። አልተቆጡም። «ለሚያድርበት ነው። ምረጉ፣ ጭቃው ይደርቃል» አሉ። ሥራው ቀጠለ።

ያን ጊዜ ያሰብነውን ዛሬ በግልጽ እንናገር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰው ሊሸጥ የሚችለው በላዩ ያቆመውን ቤት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የቆመው ምንድን ነው? እንጨትና ጭቃ፣ በዚያም ላይ የሃያ ሦስት ሰው ጉልበት ነው። በ1956 ዓ.ም. አባታችን ሲሠሩትም በወንፈል ነው የተሠራው። ለገበያ ልናወጣው የነበረው እንግዲህ የጎረቤቶቻችን እጅ ነው። ደቦ በጠላና በዳቦ ያልፋል፤ ወንፈል ግን ብድር ነው፣ የመጣልህ ሰው ሲጠራህ ትሄዳለህ። እኛም ያንን ዕለት ሃያ ሦስት ብድር ገባን።

እስኪመሽ የመጀመሪያው ምርጊት አለቀ። ከግድግዳው ሥር በድንጋይና በስድስቱ ከረጢት ሲሚንቶ ጠርዝ አበጀንለት፤ ቦዩንም ጠረግን። ቀለሙ ሳይከፈት ቀረ። ማክሰኞ ማርያም ዋልን። ክፍሉ ስላልደረቀ እንግዶቹ በፊተኛው ክፍልና በግቢው ዳስ አደሩ። እናታችን ግን በኋላው ክፍል መካከል እሳት አንድደው «ከዛሬ ጀምሮ ጭስ አይለየው» አሉ። ሲመሽ ሰብስበውን «እናንተ ዘንድ መምጣት ጠልቼ አይደለም። እኔ ከወጣሁ ይህን ምድጃ ማን ያነደዋል?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

መልሱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ግድግዳው ደርቆ ሁለተኛው ምርጊት ካለፈ በኋላ፣ ከገጠር ስንቅ እየያዙ ለትምህርት ወደ ከተማ ከሚመጡት ልጆች ሁለቱን ያለ ኪራይ አስገቡ። ማታ እሳት ያነድዳሉ፤ በክረምት መግቢያ ቦይ ይጠርጋሉ። እናታችን በ2013 ዓ.ም. በዚያው ቤት ዐረፉ። የቀበሯቸውም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ሌሎች ተተኩ። ቤቱ አልተሸጠም።

ብድሩስ? ከሃያ ሦስቱ ለአራቱ በተራ እየሄድን ከፍለናል፤ የሽማግሌውን የእህል ጎተራ ስናቆም ሁለታችን ነበርን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንዳሰብነው መመላለስ አልቻልንም። ሽማግሌው በዚያው ዓመት ሲያርፉ የሰማነው በስልክ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ይቀረናል። በዐሥራ አንዱ ዓመት፣ መንገዱ ክፍት ሳለ፣ ያልሄድንባቸውን ቅዳሜና እሑዶች እያሰብን የምንቆጨው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የማኅበራችን አባላት ሆይ፣ በአጭሩ የምንላችሁ ይህን ነው። ገንዘብ መላክ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ግድግዳ አይዳስስም። መሄድ የምትችሉ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁ በፊት የአገሩን የሥራ ቀንና በዓል ጠይቁ። ከቀለም በፊት አሸንዳና ቦይ ይቅደም። ሲሚንቶ በጭቃ ላይ አትለስኑ። ባዶ ክፍል ካላችሁ የሚያነድድበት ሰው አስገቡበት። መሄድ የማትችሉም በስልክ «ቤቱ ደኅና ነው?» ብላችሁ ብቻ አትርኩ፤ «የኋላው ግድግዳስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ፣ ለመሸጥም ሆነ ለማቆየት የምታስቡትን በቤቱ ለሚኖሩት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እኛ ያልነገርናቸውን እናታችን ከሰው ፊት ሰሙት። ይቅር ብለውናል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ አንረሳውም።