የምጣድ አክንባሎና ቀፎ፦ ስለ ላሜራ ምርጫና ስለ ገጽ አጨራረስ



በፕሬስ ተቀርጾ ስለሚወጣ ላሜራ ሲነገር የመኪና አካልን በምሳሌነት ማንሣት የተለመደ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ ምጣድን መርጫለሁ። በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ላሜራ የሚቆርጡ፣ የሚያጥፉና የሚበይዱ አነስተኛ ሥራ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው ምክንያቴን ይረዳል፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ሥራ የምትጀምሩት በእንዲህ ያለ ቤት ይሆናል።

ከአክንባሎው ልጀምር። ቀድሞ ከጭድና ከእበት ይሠራ የነበረው ክዳን ዛሬ ከስስ ላሜራ ይሠራል። ላሜራው ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በዋጋውና በማብረቅረቁ ነው። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ሁለቱንም ያሟላል፤ ጣራንም ለብዙ ዓመታት ከዝገት ይጠብቃል። ጣራን መጠበቁ ግን ለአክንባሎ ዋስትና አይሆንም። የቦካ ሊጥ ፒኤች 4 አካባቢ ነው። እንጀራው ሲበስል እንፋሎቱ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ከሊጡ የሚተንነው አሴቲክ አሲድም አብሮት አለ። ዚንክ ደግሞ ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ መሟሟቱ ይፈጥናል። በካሬ ሜትር 275 ግራም የሚባለው ወፍራም ቅብ እንኳ ለሁለቱ ገጽ ሲካፈል በእያንዳንዱ 19 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። የሟሟው ዚንክ የሚንጠባጠበው ደግሞ ከምንበላው እንጀራ ላይ ነው። ስለዚህ ለአክንባሎ ዚንክ የተቀባ ላሜራን አልመክርም። ኬሚካል የተመላለሰበትን በርሜል ቆርጦ መጠቀምማ ጨርሶ ሊታሰብ አይገባም።

የቀሩት አሉሚኒየምና ስቴንለስ ስቲል ናቸው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ሽፋን የሚጸናው በፒኤች 4 እና 8.5 መካከል ነው፤ ይህ ማለት ሊጣችን ከድንበሩ ላይ ቆሟል። ከሥራ በኋላ ታጥቦ ለሚደርቅ የቤት ምጣድ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ለሚጋገርበት ቤት ግን ስቴንለስ ይሻላል። ችግሩ ከፕሬሱ ላይ ነው፤ የለሰለሰ አሉሚኒየም በትንሽ ኃይል ጉልላቱን ይይዛል፣ 304 የሚባለው ስቴንለስ ግን በተቀረጸ ቁጥር ይጠነክራል፣ ከሻጋታው ሲወጣም ወደ ኋላ ይመለሳል። ለአሉሚኒየም የተሠራን ሻጋታ ለስቴንለስ እንዳለ መጠቀም የማይሳካው ለዚህ ነው።

የውጭው ቀፎ ጥያቄ ሌላ ነው። ከምግብ ጋር ስለማይገናኝ ተራ ላሜራ በቀለም ይበቃዋል፤ ነገር ግን ቀለም ከሹል ጠርዝ ይሸሻል። መቀሱ የተወውን ስለት ሳይሞርዱ የቀቡት ቀፎ ዝገት የሚጀምረው ሁልጊዜ ከጠርዙ ነው። ዱቄት ቀለም 60 ማይክሮን ያህል ውፍረት ቢኖረውም ይህን ጉድለት አይሸፍንም። ዚንክ በተቀባ ላሜራ ላይ ብየዳ ከተፈለገ ደግሞ ዚንኩ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላና ጢሱ ትኩሳት እንደሚያስከትል አትርሱ። በያጆች የሚጠጡት ወተት መድኃኒቱ አይደለም፤ መፍትሔው ቅቡን ከብየዳው ቦታ ማንሣትና አየር ማስገባት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመሬት ሽቦው ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ የጋጋሪዋ እጅም እርጥብ ነው። ቀፎው አምሮ ከተቀባ በኋላ የመሬት ሽቦው በቀለሙ ላይ በቡሎን ቢታሰር ቀለሙ ራሱ ሽቦውን ከብረቱ ይለየዋል። ያማረው አጨራረስ መከላከያውን ሰረዘው ማለት ነው። ስለዚህ የማሰሪያው ቦታ ከመቀባቱ በፊት ይሸፈን፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ይግባበት፤ ከዚያም በመሬት ሽቦውና በቀፎው መካከል ያለው ተቃውሞ ይለካ፤ በዓለም አቀፉ መስፈርት ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። ይህን ልኬት በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራ አብረን እንሠራለን።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።