የመድኃኒቱ ስምና የነዳያን ሕሙማን አቅም

(በጋፋት ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ ኮሚቴዎች የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሐኪሞች ስለ ጄኔሪክ መድኃኒት ያላቸውን አመለካከት የሚመለከት ነው። እኔ ዲያቆን እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ኮሚቴዎቻችሁ ለችግረኞች መድኃኒት መግዣ የሚጠይቁባቸው ወረቀቶች በእጄ ያልፋሉና ያየሁትን እናገራለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ወደ ቢሯችን መጡ። የደም ግፊት ሕመም አለባቸው። በማዘዣቸው ላይ የተጻፈው የመድኃኒቱ የንግድ ስም ነበር፤ ያዘዘላቸውም ሐኪም ይህንኑ እንዲወስዱ፣ በሌላ እንዳይቀይሩ አጥብቆ ነግሯቸዋል። ደብረ ታቦር ጠይቀው «የለም» ተባሉ። ሁለት በግ ሸጠው ባሕር ዳር ወረዱና የአንድ ወር ገዝተው ተመለሱ። ወሩ ሲያልቅ ገንዘቡም አልቆ ነበርና ያለ መድኃኒት ቤታቸው ተቀመጡ። ወደ እኛ የመጡት ራሳቸውን እያዞራቸው፣ በልጃቸው ተደግፈው ነው። ማዘዣውን ለአንድ የመድኃኒት ባለሙያ ባሳየው ከመደርደሪያው ሌላ ፓኮ አወረደ፤ «አምሎዲፒን» ይላል። በንግድ ስም የታዘዘላቸውም አምሎዲፒን ነው። ባሕር ዳር ድረስ የተፈለገው መድኃኒት በዚሁ ከተማ፣ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

አንድ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንደኛው የፈዋሹ ንጥረ ነገር ስም ነው፤ ሁለተኛው ኩባንያው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ፓናዶል የምንለው ፓራሲታሞል ነው፤ ለአስም የሚነፋው ቬንቶሊን ሳልቡታሞል ነው። የመጀመሪያው አምራች የባለቤትነት መብቱ ጊዜ ሲያልቅ ሌሎችም ያንኑ ንጥረ ነገር ማምረት ይፈቀድላቸዋል፤ የምርምሩን ወጪ ስለማይሸከሙም በርካሽ ይሸጣሉ። ጄኔሪክ የሚባለው ይህ ነው። ቀለሙና ቅርጹ ሊለይ ይችላል፤ በደም ውስጥ የሚደርሰው መጠንና የሚደርስበት ፍጥነት ግን ከመጀመሪያው ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት።

ታዲያ ሐኪሞች ስለ ምን ይጠራጠራሉ? ይህን ስጠይቅ የሰማሁት መልስ እንደ ጠበቅሁት አልነበረም። ስንፍና ወይም ጥቅም ብቻ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ የኩባንያ ወኪሎች በየሆስፒታሉ እየዞሩ የምርታቸውን ስም ሐኪሙ አእምሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የራሱ ፍርሃት አለው። ሕመምተኛው ተመልሶ መጥቶ ግፊቱ አልወረደም ሲል፣ መድኃኒቱን አልወሰደም ይሆን ወይስ መድኃኒቱ ደካማ ነው? በገጠር ሆስፒታል ክኒኑን የሚመረምርበት ላቦራቶሪ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙ የሕክምና ምርቶች ከ10 አንዱ ያህል ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ይህን የሚያውቅ ሐኪም የለመደውን ስም ቢይዝ አይፈረድበትም። ሆኖም ሐሰተኛ አምራች ውድና ዝነኛ የሆነውንም ስም አስመስሎ ያትማል። መከላከያው ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበውን መግዛት እንጂ የንግድ ስም አይደለም።

ሌላም ጥርጣሬ አለ፤ እርሱ የእኛም ነው። «የአገር ውስጥ ነው» ሲባል ፊታችንን እናጨማድዳለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚህችው በጋፋት ሴባስቶፖልን ያሠሩት መሣሪያ በአገር ውስጥ ይሠራ ብለው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ያስጎተቱትን ያን ሁሉ ብረት ዛሬ በኩራት እናወራለን፤ በአገራችን ፋብሪካ የተሠራ ክኒን ሲሰጠን ግን «የፈረንጁ የለም ወይ?» እንላለን። ሐኪሙም ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይሰማል፤ አንዳንዱ ሕመምተኛውን ላለማስከፋት ብቻ የንግድ ስም ይጽፋል።

ኑሮው በረከሰበት ዘመን ይህ ሁሉ በታገሥነው ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር አልፏል። መድኃኒታችን በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነውና ጭማሪው የሚያርፈው በማን ላይ እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ግሪክም በዕዳ ቀውሷ ጊዜ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ ሐኪሞች በንጥረ ነገሩ ስም እንዲያዝዙ በሕግ አስገድዳ ነበር፤ ሕጉ ወጥቶም የብዙ ሐኪሞች ጥርጣሬ ወዲያው አልጠፋም። በእኛም ዘንድ የማዘዣ መመሪያው የጄኔሪክ ስም ይጻፍ ይላል፤ ወደ እኛ ከሚደርሱት ማዘዣዎች ብዙዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ገበሬ (መድኑ በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር ከጎረቤታችን ከፎገራ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ) መታወቂያውን ይዞ ሄዶ «ከውጭ ግዛ» ሲባል መዋጮው ምን ረዳው?

ስለዚህ ለውይይት የማቀርበው ይህን ነው። ኮሚቴው ለሕመምተኛ ገንዘብ ከመስጠቱ በፊት ማዘዣውን ይመልከት። የንግድ ስም ብቻ ካለበት አንድ ሰው ሕመምተኛውን ይዞ ይመለስና ሐኪሙን በትሕትና «በጄኔሪክ ስሙ ይጻፉልን፤ የምንከፍለው ከምእመናን ምጽዋት ነው» ብሎ ይጠይቅ። አባቶች ካህናት ስትጠይቁ ደግሞ ክብራችሁ ይሰማል። ሐኪሙ እንቢ ካለ ምክንያቱን ይጠየቅ እንጂ አይከሰስ፤ እውነተኛ ምክንያት ሊኖረው ይችላልና። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንም፣ ጥቂት የመጠን ልዩነት የሚጎዳባቸው ናቸው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ያለ ሐኪሙ ክትትል አይቀይር፤ ርካሽ ስለ ሆነም አትቀይሩበት።

ለሌሎቹ ግን የወሰዱትን ክኒን ባዶ ፓኮ ይዘው ይምጡ። ያቺ እናት አሁን በየወሩ የሚገዙት በዚሁ በደብረ ታቦር ነው፤ ግፊታቸውን የሚለካላቸውም የቀበሌያቸው ጤና ጣቢያ ነው። ሐኪማቸው ሁለት ወር ተከታትሎ ውጤቱን ካየ በኋላ በማዘዣቸው ላይ በእጁ «አምሎዲፒን» ብሎ ጽፎላቸዋል። የማዘዣውን ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ማየት የምትፈልጉ ትችላላችሁ።